ከደብረ ማርቆስ ወደ ሙያ አማካሪዎች ጉባኤ
በኮሌጅ የሙያ ማዕከል የሚሠራ ባለሙያ ወደ ሙያ አማካሪዎች ጉባኤ ከመሄዱ በፊት፣ የተመራቂዎችን መረጃ በትምህርት ክፍል ለይቶ፣ ሥራ ያገኙትን፣ በመፈለግ ላይ ያሉትንና ስልካቸው የማይሠራውን ሳይቀር በአንድ ገጽ ማስፈር ይኖርበታል። ባዶ እጁን የሄደ ከአበል በቀር ይዞት የሚመለሰው የለም። ጉባኤው ባሕር ዳር ከሆነ፣ በቡሬና በእንጅባራ የሚያልፈው መንገድ ረጅም ስለሆነ፣ በዋዜማው መግባት ይሻላል። በእኔ ግምት ከመድረኩ ንግግር ይልቅ የሻይ ዕረፍቱ ይጠቅማል፤ በዚያ ሰዓት የአንድ ቀጣሪ ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊን «ያልተቀበላችኋቸው ተመራቂዎች ምን ጎደላቸው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን እንደ ተነገረ መጻፍ ያስፈልጋል። ከተመለሱ በኋላ አንድ ሐሳብ ብቻ መርጦ፣ ለምሳሌ የግብርና ተመራቂዎች የቡሬን የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚጎበኙበትን መርሐ ግብር፣ ቀን ቆርጦ በሳምንቱ ውስጥ ለዲኑ በደብዳቤ ማቅረብ ይገባል።