ከፓሪስ ወጣ ብሎ የፈረንሳይን ገጠር እንዴት ማየት ይቻላል

ፈረንሳይ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ይዞት የሚመጣው ፎቶ አንድ ዓይነት ነው። ኤፍል ታወር፣ ሉቭር፣ ሻንዜሊዜ። ይሁን፣ ፓሪስ ፓሪስ ናት። ግን ሁለት ሦስት ቀን ካያችኋት በኋላ የቀራችሁን ጊዜ ሰልፍ ላይ አትጨርሱት። ገጠሩን እዩት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአምስት ቀን አምስት ከተማ ያቅድና ጊዜው ሻንጣ ሲያስርና ሲፈታ ያልቅበታል። እኔ የምመክራችሁ አንዲት ትንሽ ከተማ መርጣችሁ፣ አራት ሌሊት እዚያው አድራችሁ፣ ዙሪያዋን እንድታዩ ነው። የእኔ ምርጫ ሌ ፑይ አን ቭሌ ናት። በደቡብ መካከለኛው ፈረንሳይ፣ ኦት ሏር በሚባለው አውራጃ፣ ድሮ እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው መሬት ላይ ያለች ከተማ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ወሩን ምረጡ

ከግንቦት እስከ መስከረም ሂዱ። አገሩ ደጋ ነው። በብርዱ ወራት ላ ቡርል የሚሉት ንፋስ በረዶውን እያንሳፈፈ መንገድ ይዘጋል፣ አንዳንድ የሚጎበኙ ቦታዎችም አይከፈቱም። በሐምሌና በነሐሴ ማታ ማታ ትልልቆቹ ሕንፃዎች ላይ የብርሃን ትርዒት ይታያል፣ በነፃ።

2. መንገዱን ያዙ

ከአዲስ አበባ የምትነሱ ከሆነ የሸንገን ቪዛውን ቀደም ብላችሁ ጨርሱ። አየር መንገዳችን ሻርል ደ ጎል ያወርዳችኋል፤ እዚያው ኤርፖርቱ ውስጥ፣ ተርሚናል 2 ጋ፣ የፈጣኑ ባቡር ጣቢያ ስላለ ፓሪስ መሐል ሳትገቡ በሁለት ሰዓት ገደማ ሊዮን መግባት ይቻላል። ሊዮን ፓር ዲዩ ላይ ወርዳችሁ ቴር የሚባለውን የክልል ባቡር ትይዛላችሁ፣ አንዳንዴ ሴንት ኤቲየን ላይ መቀየር አለ። ከሴንት ኤቲየን በኋላ ባቡሩ የሏርን ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ ነው የሚሄደው። እዚህ ጋ ስልካችሁን አስቀምጡና በመስኮት እዩ። የፈጣኑን ባቡር ትኬት ግን ቀድማችሁ ግዙ፣ ቀኑ ሲደርስ ይወደዳል።

3. ማደሪያ

ሻምብር ዶት ፈልጉ። ሰዎች በራሳቸው ቤት የሚያከራዩት ክፍል ነው፣ ቁርስ አብሮ አለው። ከሆቴል የምመርጠው ባለቤቶቹ አገራቸውን ስለሚያውቁ ነው፤ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ የትኛው መንደር ዛሬ ገበያ እንዳለው የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

4. መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ ውጡ

ከተማዋ ውስጥ እንደ ጣት ቀጥ ብሎ የቆመ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፣ ቁመቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። አናቱ ላይ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ተቀምጧል። ደብረ ዳሞን ወይም የገርዓልታውን አቡነ የማታ ያየ ሰው እዚህ እግሩ ሥር ሲቆም የሚሰማውን ያውቀዋል። በገመድ መሳብ የለም፣ 268 ደረጃ ነው። በጠዋት ውጡ፣ ቀስ ብላችሁ፣ መሐል ላይ እያረፋችሁ። በሩ ጋ ስትደርሱ ዝም ብላችሁ አትግቡ፤ በቀይ፣ በነጭና በጥቁር ድንጋይ የተለበጠውን ግንብ እዩት፣ ከበሩ በላይ የተቀረጹትን ሁለት የባሕር ሴቶችም ፈልጉ፣ ከወገባቸው በታች ጅራት ነው ያላቸው። ውስጡ ትንሽና ጨለም ያለ ነው። ግንበኞቹ ድንጋዩ በፈቀደላቸው ልክ ስለሠሩት ቅርጹ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ዓምዶቹም አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም። ዐሥር ደቂቃ ቁጭ በሉ። ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ ጣሪያው ላይ የደበዘዙት ሥዕሎች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ።

ከዚያ ማዶ ያለው ሌላ ዓለት ላይ ቀይ የእመቤታችን ሐውልት ይታያችኋል፣ ልጇን ታቅፋ። በ1860 የቆመችው ፈረንሳዮች ከሩሲያ በማረኩት 213 መድፍ ብረት ነው፤ መድፎቹ የመጡት ዐፄ ቴዎድሮስ ትልቁን መድፋቸውን ከሰየሙበት ከዚያው ከሴባስቶፖል ነው። ሐውልቷ ውስጥ ደረጃ ስላለ እስከ ላይ ድረስ መውጣት ይቻላል።

5. አንድ ቀን በማለዳ ካቴድራሉ ድረሱ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በእነሱ 7 ሰዓት፣ የተሳላሚዎች ቅዳሴ አለ። ከሌ ፑይ እስከ ስፔኗ ሳንቲያጎ ድረስ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር የሚሄዱ ሰዎች ቦርሳቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። ቄሱ ይባርካቸዋል። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ያለው የብረት ፍርግርግ ይከፈትና ተጓዦቹ በዚያው በወለሉ ሥር ባለው ደረጃ ወርደው ቁልቁል ወደ ከተማው መንገድ ይወጣሉ። ባትጓዙም ሄዳችሁ እዩ። የእኛን አገር የንግሥ ጉዞ የሚያውቅ ሰው የእነዚያን ሰዎች ፊት አይረሳውም።

6. ቅዳሜን ለገበያ ተዉት

ቅዳሜ ጠዋት ፕላስ ዱ ፕሎ የሚባለው አደባባይ ላይ ገበያ ይቆማል። የምትፈልጉት የሌ ፑይን አረንጓዴ ምስር ነው። ደቃቅ ነው፣ አረንጓዴው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለው፤ ከ1996 ጀምሮ በዚህ ስም የሚሸጠው እዚሁ አካባቢ የበቀለው ብቻ እንዲሆን በሕግ ተጠብቋል። ሳይዘፈዘፍ በ25 ደቂቃ ገደማ ይበስላል፣ አይፈርስምም። ለወጥ ሳይሆን ለአዚፋ ነው የተፈጠረው። እነሱም ቢሆኑ ሰላጣውን የሚሠሩት በሰናፍጭ፣ በኮምጣጤና በዘይት ነው፣ ቃሪያው ብቻ ይጎድለዋል። ግን ልብ በሉ፣ ምግብ ቤት ውስጥ ፕቲ ሳሌ የሚባለው የምስር ምግብ የአሳማ ሥጋ አለበት። ሰላጣውም ውስጥ ቁርጥራጭ ሊኖር ስለሚችል ስታዙ «ሳን ፖር» በሉ፣ ያለ አሳማ ማለት ነው።

እግረ መንገዳችሁን የዳንቴል ሱቆቹን እዩ። ዳንቴል የምንለው ቃል የእነሱው ነው። እናቶቻችን በኪሮሽ ነው የሚሠሩት፣ እነዚህ ግን ትራስ በመሰለ ነገር ላይ ስፒል ወግተው ክር የተጠቀለለባቸውን ብዙ ትንንሽ እንጨቶች እያቀያየሩ ነው። እጃቸው በጣም ስለሚፈጥን ጠጋ ብላችሁ ካላያችሁ አይገባችሁም።

7. ለሁለት ቀን መኪና ተከራዩ

ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ያዙ። ትንንሾቹ መንደሮች ውስጥ ምልክት ከሌለ ቅድሚያ ከቀኝ ለሚመጣው ነው፣ ከጠባብ መንገድ ቢመጣም። ምሳ ላይም ሰዓት አክብሩ፤ እኔ አንድ ቀን ከ8 ሰዓት በኋላ ደርሼ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል ተብዬ ዳቦና አይብ በልቼ ውያለሁ። በየቤቱ ስትገቡ መጀመሪያ «ቦንዡር» ማለት ግዴታ ነው ብላችሁ ውሰዱት። ሳትሉ ጥያቄ ከጀመራችሁ ፊት ይቀዘቅዛል።

አንዱን ቀን ወደ ሰሜን፣ ላ ሼዝ ዲዩ ወደሚባለው ገዳም ሂዱ። ግድግዳው ላይ 26 ሜትር የሚረዝም የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል አለ። ሞት ጳጳሱንም፣ ነጋዴውንም፣ ገበሬውንም፣ ሕፃኑንም እጃቸውን ይዞ ያስጨፍራል።

ሁለተኛውን ቀን ወደ ምሥራቅ ንዱ። በመጀመሪያ ለ ሻምቦን ሱር ሊኞን ቁሙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዚህ መንደርና የአካባቢው ሰዎች ከናዚዎች የሚሸሹ አይሁዶችን፣ ብዙ ሕፃናትንም፣ በየቤታቸውና በየእርሻቸው ደብቀው አትርፈዋል። ፓስተሩ አንድሬ ትሮክሜና ባለቤቱ ማግዳ ከፊት ነበሩ። አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፣ በእምነት ምክንያት መሰደድን ከአያቶቻቸው ታሪክ ያውቁታል። ናዚዎች የጨፈጨፏቸው አይሁዶች የሚታሰቡበት የእስራኤሉ ተቋም ያድ ቫሼም በ1990 የመንደሩን ሰው በሙሉ አመስግኗል። ትንሽ ሙዚየም አላቸው። ከልጆቻችሁ ጋር ከሆናችሁ ይህንን አትዝለሉት።

ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ሞን ዠርቢዬ ደ ዦን ወደሚባለው ሾጣጣ ተራራ። 1,551 ሜትር ነው፣ አቀበቱ ድንጋያማ ቢሆንም አጭር ነው። የፈረንሳይ ረጅሙ ወንዝ ሏር የሚነሳው ከሥሩ ነው። እኛ ግሽ ዓባይን የምናውቅ ሰዎች ጠበል የሚቀዳበት፣ ሰው የሚሳለመው ቦታ እንጠብቃለን፤ እዚህ ግን አንዱ ምንጭ የሚወርደው ከገበሬ ቤት ግድግዳ በወጣች ቀጭን ቧንቧ ነው፣ ወደ ድንጋይ ገንዳ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አትላንቲክ የሚገባው ወንዝ እዚህ በአንድ እጅ መዳፍ ይያዛል። ባዶ የውሃ ጠርሙስ ይዛችሁ አትምጡ፣ ይልቅ ወፈር ያለ ጃኬት ያዙ፣ ላይ ንፋስ አለ።