መዝሙር 46ን እንዴት ማጥናት ይቻላል? ከ«ዕረፉ» በፊት ያሉትን ቁጥሮች ማንበብ

«ዕረፉ፥ እኔም አምላክ እንደ ሆንሁ እወቁ።»

ይህን ጥቅስ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ታክሲ መስታወት ላይ አለ፣ የሳሎን ግድግዳ ላይ አለ፣ የቴሌግራም ፕሮፋይል ላይ አለ። እኔም ለዓመታት ከመዝሙር 46 የማውቀው እሱን ብቻ ነበር። ሥራ ያጣሁ ሰሞን አንድ ወዳጄ ይህንኑ ጥቅስ ላከልኝ። እውነቱን ለመናገር አላረፍኩም። እንዲያውም ትንሽ ተናደድኩ። የቤት ኪራይ ቀን እየደረሰ በምን ልረፍ?

ማታ ላይ መዝሙሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። አሥራ አንድ ቁጥር ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «ዕረፉ» የሚለው መጨረሻው አካባቢ ነው ያለው። ከሱ በፊት ተራራ ወደ ባሕር ይወሰዳል፣ ሕዝብ ይጮኻል፣ መንግሥት ይናወጣል፣ ጦር ይሰበራል። ወዳጄ የላከልኝ የመዝሙሩን ጭራ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ መዝሙሩን ብዙ ጊዜ አጥንቼዋለሁ፣ ከሌሎችም ጋር። የምከተለው መንገድ ይኸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ደብተር፣ ሁለት ቀለም ያለው እስክሪብቶ። ሁለት ዓይነት ትርጉም ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው። ስልክ ላይም ይቻላል፣ ግን መጻፍ አለበት። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

1. መጀመሪያ ቁጥሩን አስተካክሉ

በግዕዙ ዳዊት ይህ መዝሙር 45ኛ ነው። የግዕዙ አቆጣጠር የግሪኩን ስለሚከተል ከዕብራይስጡ በአንድ ያንሳል። «አምላክነሰ ኃይልነ ወጸወንነ» ብሎ የሚጀምረውን ካገኛችሁ ቦታው ላይ ናችሁ። ዳዊት በየዕለቱ ለሚደግም ሰው የማክሰኞ ድርሻ ነው፣ ከ31 እስከ 60 ካለው ውስጥ። በአንዳንድ መጽሐፍ ደግሞ ርእሱ እንደ ቁጥር 1 ስለሚቆጠር የውስጥ ቁጥሮቹም በአንድ ይንሸራተታሉ። ከጓደኛ ጋር ስታጠኑ «የቱ ቁጥር ነው?» እየተባባላችሁ ጊዜ እንዳታባክኑ ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኔ እዚህ የምጠቀመው የ46ን አቆጣጠር ነው።

2. ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ

ሦስት ጊዜ። በዓይን አይደለም፣ በአፍ። መዝሙር ነው፣ ለጆሮ የተሠራ ነገር ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ይኸው ብቻ ይሁን።

3. በእጃችሁ ገልብጡት

በሁለተኛው ቀን መዝሙሩን ደብተር ላይ ገልብጡት። ደብተራው በብራናው ሲያደርገው የኖረውን ነው የምትደግሙት። ስትጽፉ ዓይን የሚዘለውን እጅ አይዘልም።

ስትገለብጡ በሦስት ክፈሉት። ከ1 እስከ 3 አንድ፣ ከ4 እስከ 7 ሁለት፣ ከ8 እስከ 11 ሦስት። በየመካከሉ መስመር ዝለሉ። በአንዳንድ ትርጉም «ሴላ» የሚል ቃል በሦስቱም ጫፍ ላይ ታገኛላችሁ፣ አከፋፈሉን ያሳያችኋል። አሁን እዩት። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ተፈጥሮ ነው፦ ምድር፣ ተራራ፣ ባሕር። ሁለተኛው ስለ አንዲት ከተማ። ሦስተኛው ስለ ጦርነት ማብቃት። በሁለተኛውና በሦስተኛው መጨረሻ ላይ አንድ አዝማች ይመለሳል፦ «የሠራዊት አምላክ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው፥ የያዕቆብም አምላክ መጠጊያችን ነው።» በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ግን የለም። ይህን ደብተራችሁ ላይ በጥያቄ ምልክት ያዙት።

4. የሚናወጠውንና የማይናወጠውን ለዩ

የጥናቱ ልብ እዚህ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ስጡት።

አንዱን ቀለም አንሡና «ተናወጠ» በሚለው ግስና በዘመዶቹ ሁሉ ሥር አስምሩ። በቀድሞው የአማርኛ ትርጉም ምድር ትነዋወጣለች፣ ውኆች ይናወጣሉ፣ ተራሮች ይናወጣሉ፣ መንግሥታት ይናወጣሉ። በመካከል ግን ቁጥር 5 ላይ አንዲት ቃል አለች፦ «አትናወጥም»። ስለ ከተማዋ ነው። በዕብራይስጡም ስለ ተራሮቹ፣ ስለ ከተማዋና ስለ መንግሥታቱ የተነገረው ግስ አንድ ነው፤ ተርጓሚዎቻችን ያመጡት አይደለም። ገጣሚው ሆን ብሎ ነው።

በሁለተኛው ቀለም ደግሞ «ጮኹ» የሚለውን አስምሩ። ቁጥር 3 ላይ ውኆች ይጮኻሉ፣ ቁጥር 6 ላይ አሕዛብ ይጮኻሉ። ያው ግስ ነው። ባሕሩ ያደረገውን ሕዝቡ ደገመው።

አሁን ደብተራችሁን ራቅ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ገጹ በሙሉ በመስመር ተሞልቶ መሐል ላይ አንድ «አት» ይታያችኋል። መዝሙሩ «ምንም አይናወጥም» አላለም። ሁሉም ይናወጣል ነው ያለው፤ ከአንዲቱ በቀር። እሷም የማትናወጠው ግንቧ ጠንክሮ አይደለም፣ «እግዚአብሔር በመካከልዋ ነው» ስለተባለ ነው። እኔ ሥራ ባጣሁ ጊዜ ይህን የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ያህል ባልተናደድኩ። መንቀጥቀጡ የእምነት ጉድለት ይመስለኝ ነበራ።

5. «እኛ» እና «እኔ» የሚሉትን ቁጠሩ

መጠጊያችን፣ ኃይላችን፣ ረዳታችን፣ አንፈራም፣ ከእኛ ጋር። ሁሉም «እኛ» ነው። ታዲያ «እኔ» የሚለው የት አለ? ፈልጉት። አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ቁጥር 10 ላይ፤ የሚናገረውም እግዚአብሔር ነው። በመዝሙሩ ውስጥ «እኔ» የሚል ሰው የለም።

በችግር ቀን ሰው የሚያስቸግረው «እኔ» የሚለው ቃል ነው። እኔ ምን ላድርግ፣ እኔን ለምን። ሌሎች መዝሙሮች ይህን ጩኸት በደንብ ያስተናግዳሉ፤ መዝሙር 13ን ወይም 22ን አንብቡ። ይሄኛው ግን ብቻውን ክፍሉ ውስጥ የተዘጋን ሰው ወደ ሰው መሐል ያወጣዋል። ብቻችሁን ብታጠኑትም የብዙ ሰው መዝሙር መሆኑን አትርሱ።

6. ርእሱን አትዝለሉ

«ለመዘምራን አለቃ፣ ስለ ቆሬ ልጆች» ይላል። ብዙዎቻችን ርእስ እንዘላለን። የቆሬ ታሪክ ዘኍልቍ 16 ላይ ነው፦ በሙሴ ላይ ተነሣ፣ ምድር አፍዋን ከፈተች፣ ዋጠቻቸው። ዘኍልቍ 26፥11 ደግሞ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አላት፦ የቆሬ ልጆች ግን አልሞቱም። ከእነሱ ዘር የቤተ መቅደስ በረኞችና ዘማሪዎች ወጡ። እንግዲህ ምድር የተከፈተችበት ቤተሰብ ነው «ምድር ብትነዋወጥ አንፈራም» እያለ የሚዘምረው። ገጣሚው ይህን አስቦ ጻፈ ብዬ አልምልም። እኔ ግን ሳነበው ይህን ሳላስብ ማለፍ አልቻልኩም።

በዚያው ርእስ ላይ የቀድሞው አማርኛ «ስለ ምሥጢር» ሲል ሌላው «ዓላሞት» ይላል። የዕብራይስጡ ቃል የዜማ ስልት ሳይሆን አይቀርም፤ የግሪኩ ተርጓሚዎች ግን «የተሰወረ» ብለው ተረዱት፣ እኛም በዚያው ወረስነው። እዚህ ላይ ብዙ አትቆዩ።

7. ወንዙን ፈልጉ

ቁጥር 4፦ «የወንዝ ፈሳሾች የእግዚአብሔርን ከተማ ደስ ያሰኛሉ።» ካርታ አውጡ። ኢየሩሳሌም ወንዝ የላትም! እንደ ባቢሎን ኤፍራጥስ፣ እንደ ግብፅ ዓባይ ያለ ነገር የለም። ያላት ግዮን የምትባል ምንጭ ናት፣ በቄድሮን ሸለቆ በኩል።

ከዚህ ተነሥተው ብዙ አጥኚዎች መዝሙሩን ከንጉሥ ሕዝቅያስ ዘመን ጋር ያያይዙታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ይሁዳን ወረረ። ራሱ ባስጻፈው የሸክላ ጽሑፍ 46 የተመሸጉ ከተሞችን እንደያዘ፣ ሕዝቅያስንም በኢየሩሳሌም ውስጥ «እንደ ወፍ በጎጆ» እንደዘጋበት ይፎክራል። ከተማዋን ያዝኩ ግን አይልም። ሕዝቅያስ አስቀድሞ የግዮንን ውኃ ወደ ከተማው ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ 2 ዜና መዋዕል 32፥30 ይናገረዋል። 533 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከዓለት የተፈለፈለው ቦይ ዛሬም አለ፣ ሰው በእግሩ ውኃው ውስጥ ይሄድበታል። በ1880 እዚያ ውስጥ የተገኘ ጽሑፍ ሁለት ቡድኖች ከሁለት ጫፍ እየቆፈሩ እንዴት እንደተገናኙ ይተርካል።

መዝሙሩ የሕዝቅያስን ስም አይጠራም፣ ስለዚህ «ይህ ነው» ብላችሁ አትከራከሩ። ነገር ግን ኢሳይያስ 36 እና 37ን በአንድ ማታ አንብቡ። ከዚያ ኢሳይያስ 8፥6ን ጨምሩ፦ «በቀስታ የሚሄደውን የሰሊሆምን ውኃ» ይላል። የግዮን ውኃ ነው። አሁን ወደ መዝሙሩ ተመለሱ። በአንድ በኩል የሚጮኸው ባሕር፣ በሌላ በኩል ድምፅ የሌለው ቀጭን ውኃ። ከተማዋን በሕይወት ያቆያት ቀጭኑ ነው።

እግረ መንገዳችሁን፣ ኢሳይያስ 7 እና 8 ላይ «አማኑኤል» የሚለውን ስም ታገኛላችሁ። የመዝሙሩ አዝማች «ከእኛ ጋር ነው» የሚለው በዕብራይስጡ የዚያው ስም የፊተኛው ግማሽ ነው።

8. ሁለት ትርጉም አስተያዩ

ሁሉንም ቁጥር አይደለም፣ ቁጥር 1ን ብቻ። የቀድሞው «ባገኘን በታላቅ መከራ ረዳታችን» ይላል፤ ግዕዙም «በምንዳቤነ ዘረከበነ ፈድፋደ» ነው። መከራው ነው ያገኘን። ከዕብራይስጡ የተተረጎሙት ደግሞ «የቅርብ ረዳት» ወደሚለው ያዘነብላሉ፤ እዚያ የሚገኘው ረዳቱ ነው። «መገኘት» የሚለው ሐሳብ በሁለቱም ውስጥ አለ፣ ባለቤቱ ተቀየረ እንጂ። አንዱ ትክክል ሌላው ስሕተት እያላችሁ አትጣሉ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉና የትኛው የዛሬውን ቀናችሁን እንደሚገልጽ ምልክት አድርጉበት።

9. አሁን «ዕረፉ» ላይ ድረሱ

ከሱ በፊት ያለው ቁጥር 9 ምን እንደሚል ተመልከቱ። ጦርነትን ይሽራል፣ ቀስትን ይሰብራል፣ ጦርን ይቈርጣል። ወዲያው «ዕረፉ» ይመጣል። የዕብራይስጡ ግስ የተጨበጠ እጅን ማላላት፣ መልቀቅ ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ አንድ ሽማግሌ መሐል ገብተው «ተዉ! ተዉ አልኳችሁ!» ሲሉ አስቡ። ቃሉ ለስለስ ያለ ማባበያ ብቻ አይደለም፣ ትእዛዝም አለበት። ለሚዋጉት መንግሥታት ነው፣ ከግንቡ ኋላ ተጨንቀው ለተቀመጡትም ነው።

ለዚህ ነው ይህን ጥቅስ ቆርጦ ለቅሶ ቤት ይዞ መሄድ የማልወደው። ሰውየው ገና ቁጥር 2 ላይ ነው ያለው፣ ተራራው ገና እየወደቀበት ነው። ከፈለጋችሁ ቁጥር 1ን ንገሩት። ወይም ዝም ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።

10. የራሳችሁን ተራራ ጻፉ

አዲስ ገጽ ላይ «ስለዚህ ... ቢናወጥ» ብላችሁ ክፍቱን ሙሉ። ኪራይ፣ የሐኪም ውጤት፣ ውጭ ያለ ልጅ ስልክ አለማንሣቱ። ትልቅ ቃል አትፈልጉ፣ በስሙ ጥሩት። «አንፈራም» የሚለውን ለመጻፍ እጃችሁ እንቢ ካለ አትጻፉት፣ ባዶ ተዉት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ተመልሳችሁ ታዩታላችሁ።

11. በመጨረሻው ቀን ከሰው ጋር አንብቡት

አዝማች ያለው መዝሙር ተቀባይ ይፈልጋል። አንድ ሰው ክፍሎቹን ያንብብ፣ ሌሎቹ «የሠራዊት አምላክ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው» የሚለውን ይቀበሉ። ቤተሰብ ከሆነ ልጆቹ ተቀባይ ይሁኑ፣ ቶሎ ይይዙታል። ሩቅ ያለ ዘመድ ካለ በስልክም ይሆናል።

ያን የጥያቄ ምልክት ታስታውሳላችሁ? ከቁጥር 3 በኋላ አዝማቹ የለም ብለን ነበር። አንዳንድ ሊቃውንት ሲገለበጥ የቀረ ነው ብለው ይገምታሉ። እኛ ቤት ስናነብ ግን ልጆቹ አልጠበቁም። ተራሮቹ ተናውጠው አንባቢው ትንፋሽ ሲወስድ፣ ማንም ሳይነግራቸው አዝማቹን ገቡበት። አላረምናቸውም።