ከተመረቁ በስንተኛው ዓመት ውጭ ይሂዱ?

ውጭ መውጣት ያሰበ ተመራቂ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ልሂድ?» ብሎ ነው። ቅበላውንም ቪዛውንም ይበልጥ የሚወስነው ግን «መቼ?» የሚለው ነው። በእኛ ግምት ለአብዛኛው ባለዲግሪ አመቺው ጊዜ ከተመረቀ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ዓመት ድረስ ያለው ነው።

የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳአድ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የሚሰጠው የማስተርስ ስኮላርሺፕ ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪም በአብዛኛው ከ6 ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም። በተመረቁ ማግስት ማመልከት ድካም ብቻ ነው፣ 7 ዓመት መቆየትም በሩን ይዘጋል።

በሠራተኛነት ለሚሄድ ደግሞ ለቋሚ ነዋሪነት አመልካቾችን በነጥብ የሚያወዳድረው የካናዳው ኤክስፕረስ ኢንትሪ ስሌቱን በግልጽ ያሳያል። ያላገባ አመልካች ከ20 እስከ 29 ዓመቱ ለዕድሜ 110 ነጥብ ያገኛል። በ30 ዓመት 105፣ በ35 ዓመት 77፣ በ40 ዓመት 50 ይሆናል፤ 45 ሲሞላ ዜሮ ነው። በሌላ በኩል አገር ቤት የተሠራ 3 ዓመት ልምድ፣ በእንግሊዝኛ ፈተናው አይኤልትስ በማዳመጥ 8 በሌሎቹ ሦስት ክፍሎች 7 ካለው ውጤት ጋር ሲጣመር 50 ነጥብ ይጨምራል። ልምዱ 1 ወይም 2 ዓመት ብቻ ከሆነ ግን 25 ነው። ስለዚህ በ27 ዓመቱ 2 ዓመት የሠራ ሰው አንድ ዓመት ቢታገሥ ያተርፋል። በ33 ዓመቱ 5 ዓመት የሠራው ግን ልምዱ ከእንግዲህ ብዙም አይጨምርለትም፣ ዕድሜው በየዓመቱ 5 ወይም 6 ነጥብ ይቀንስበታል። እሱ ዛሬ ነው መጀመር ያለበት።

ተማሪ ሆኖ መሄድ የገንዘብ ጥያቄ ነው። ጀርመን ውስጥ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም (ባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል)። ሆኖም ለቪዛው የአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት) ማስያዝ እ.ኤ.አ. የ2024 መመዘኛ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2025 ጀምሮ ከትምህርት ክፍያው ሌላ 22,895 የካናዳ ዶላር እንዲታይ ትጠይቃለች። ይህን በብር ደመወዝ ለማጠራቀም ማሰብ የትም አያደርስም፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አልፏል። «እዚያ ሠርቼ እከፍላለሁ» የሚለውም ብዙ ሰው የወደቀበት ነው። ጀርመን ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ የሥራ ቀን፣ ካናዳ ደግሞ በትምህርት ወቅት ከግቢ ውጭ በሳምንት 24 ሰዓት ብቻ ይፈቅዳሉ። ከዚያ የሚገኘው የቤት ኪራይና አስቤዛ ቢሸፍን ነው። ስኮላርሺፕ ወይም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ዘመድ ከሌለ፣ ልምድ አካብቶ በሠራተኛነት ማመልከቱ ይሻላል።

ጊዜ የሚበላው ግን ወረቀቱ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይጨርስ ዋናውን ዲግሪና ወደ ውጭ የሚላከውን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት ይቸገራል፤ ቴምፖራሪ ብቻ ይዞ ማመልከት ደግሞ በየደረጃው ያስጠይቃል። ከዚያ ስም አለ። በዲግሪው ላይ ሁለት ስም፣ በፓስፖርቱ ላይ ከነአያት ሦስት፣ የእንግሊዝኛ ፊደሉም የተለያየ ከሆነ ከማመልከት በፊት ይስተካከል። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ቀኑን «2014» ብሎ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኢ.አ.» ሳይጨምር ቢተወው፣ የውጭው መርማሪ በራሱ አቆጣጠር አንብቦ ሰውየው ከመመረቁ በፊት ሥራ ጀመረ ይላል። ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ።

ደብዳቤው ራሱም በተለመደው መልኩ አይበቃም። «ከደመወዛቸው ግብር ተቆርጦ ገቢ ተደርጓል» የሚለው ለአገር ውስጥ ይጠቅማል፤ ካናዳ የምትፈልገው ግን የሥራ መደቡን፣ ዝርዝር ተግባሩን፣ የሳምንቱን የሥራ ሰዓት፣ ደመወዙን፣ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን ነው። ይህን ከመሥሪያ ቤቱ መጠየቅ በሥራ ላይ እያሉ ይቀላል፤ ከለቀቁ በኋላ ፊርማ ለማግኘት ስንት ምልልስ እንዳለው ያየ ያውቀዋል።

በጥቅምት ለሚጀምር የጀርመን ማስተርስ ዝግጅቱ ካለፈው ዓመት ግንቦት ይነሣ። ወረቀቱ እስከ ሐምሌ ይለቅ፣ አይኤልትሱ በነሐሴ ይፈተን፤ የብዙ ስኮላርሺፖች ማመልከቻ የሚዘጋው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። አይኤልትስ የሚያገለግለው 2 ዓመት በመሆኑ «ለማንኛውም» ብሎ ቀድሞ መፈተን ገንዘብ መጣል ነው። ለካናዳ የሚሠራው የዲግሪ ግምገማ ግን 5 ዓመት ስለሚቆይ ቀድሞ ቢወጣ አይጎዳም። የኤምባሲ ቀጠሮ ወራት ሊወስድ ይችላልና የቅበላ ደብዳቤው በመጣበት ሳምንት ይያዝ።

ነርስና ሐኪም በዚህ ስሌት አይገቡም። ጀርመን ሁለቱንም ከማሠራቷ በፊት የሙያ ዕውቅና ትጠይቃለች፤ ለነርስ ብዙ ጊዜ ቢ2 (ከመካከለኛ ከፍ ያለ ደረጃ) ጀርመንኛ፣ ለሐኪም ከዚያም በላይ የሙያ ቋንቋ ፈተና አለ። ከዜሮ ለሚጀምር ቢ2 ብቻውን አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ፣ እነሱ ቋንቋውን መጀመር ያለባቸው ልምዱ ሳይሞላ፣ በሥራ ላይ እያሉ በማታ ክፍል ነው።