ባላራት ከልጆች ጋር ስትሄዱ

ሜልቦርን ያላችሁ ወላጆች፣ ወርቅ በ1851 (እ.ኤ.አ.) ወደተገኘባት ባላራት ከተማ ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሶቨረን ሂልን ከጠዋት ጀምሩት። የወርቅ ዘመኑን መንደር መልሰው የሠሩበት ሰፊ ሙዚየም ነው። ልጆች ከሁሉም የሚወዱት ከጅረቱ አሸዋ በሳህን እያጠቡ ወርቅ መፈለጉን ነው፤ ያገኙት ቅንጣት የራሳቸው ነው! ዘዴው ቀላል ነው፦ ወርቅ ከባድ ስለሆነ ከሥር ይቀራል፤ ሳህኑን በውኃ እየነቀነቁ ከላይ ያለውን አሸዋ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ነው። እጅጌና ካልሲ መራሱ አይቀርም፣ ቅያሪ ያዙ። መንገዱ ዳገትና ጠጠር ስለሚበዛው ለሕፃን ከጋሪ ይልቅ አንቀልባ ይሻላል። ክረምቱ ብርድ ነው፣ ደርቡ። በማግስቱ የዱር እንስሳት ፓርኩ ውስጥ ካንጋሮ በእጃቸው ያብሉ። የዌንዱሪ ሐይቅ መጫወቻ ደግሞ በነፃ ነው።