ወንዝ መግቢያው ላይ ያለው ቀይ ክሎሮፊል አይደለም

የባህርን ክሎሮፊል (የጥቃቅን የውሃ ዕፅዋትን አረንጓዴ ቀለም) የሚያሳየውን የሳተላይት ዳታ ማውረድና ከፍቶ ካርታ ማውጣት ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጣጣ ነው የምጽፈው።

ምልክት፦ ወንዝ ከባህር በሚገናኝበት ቦታ ክሎሮፊሉ ሰማይ ነክቷል

ይህን ካርታ ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥረውም። ዳር ዳሩ ደም መስሏል። ላኪው ደስ ብሎታል፤ «ምርታማ ቦታ አገኘሁ» ይላል። ያገኘው ጭቃ ነው።

ሳተላይት ክሎሮፊል አያይም፤ ቀለም ነው የሚያየው። የተለመደው ስሌት ሰማያዊውን ብርሃን ከአረንጓዴው ጋር ያወዳድራል። ሰማያዊው ካነሰ ክሎሮፊል ዋጠው ብሎ ይደመድማል። ክፍት ውቅያኖስ ላይ ይህ ያስኬዳል። ወንዝ ግን የበሰበሰ ቅጠል ያቀለመው፣ ሻይ የመሰለ ውሃ ይዞ ይመጣል። እሱም ሰማያዊውን ይውጣል። ደለሉ በበኩሉ አረንጓዴውንና ቀዩን መልሶ ያንጸባርቃል። ስሌቱ በሁለቱም ይሸወዳል።

የባሰው ደግሞ የከባቢ አየር እርማቱ ነው። ሳተላይቱ ጋ ከሚደርሰው ብርሃን 90 በመቶ ገደማው ከአየሩ የመጣ ነው። ያንን ለመቀነስ፣ ውሃው በቅርብ ኢንፍራሬድ (ከቀይ ቀጥሎ ባለው፣ ዓይን በማያየው ብርሃን) ጥቁር ነው ተብሎ ይነሳል። ደፍራሽ ውሃ ጥቁር አይደለም። ማስተካከያ ቢጨመርበትም ደለሉ ሲበዛ ያቅተዋል። እርማቱ ከልክ በላይ ይቀንስና 412 ናኖሜትር (ሰማያዊው ጫፍ) ላይ ከዜሮ በታች ቁጥር ይወጣል። ከዜሮ በታች የሆነ ብርሃን ደግሞ የለም።

አንዱ ልጅ ክሎሮፊሉ በየዝናቡ ወቅት እየዘለለበት ሦስት ወር ሲተነትን ከርሟል። «የ412ቱን ባንድ ክፈትልኝ» አልኩት። ከፈተው። የወንዙ አፍ በሙሉ ከዜሮ በታች ነው። ዝም ተባባልን። ከዚያ ቀስ ብሎ «ፍላጎቹን አጥፍቼያቸው ነበር» አለኝ፤ አጠራጣሪ ፒክስሎችን የሚጠቁሙትን የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ማለቱ ነው። ለምን? ካርታው ክፍተት እንዳይኖረው!

መፍትሄው ይኸው፦ ወደ ደረጃ 2 ፋይል ውረዱ፤ የእያንዳንዱ ፒክስል ፍላግ ያለው እዚያ ነው። ደፍራሽ ውሃ፣ ያልተሳካ የአየር እርማት፣ ያልተሳካ ክሎሮፊል የሚሉትን ፍላጎች አብሩ። 412 ላይ ከዜሮ በታች የወረደውን ፒክስል ጣሉት። የምትሠሩት ሞዲስ በተባለው የሳተላይት መሣሪያ ዳታ ከሆነ 678 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ፍሎረሰንስ ከጎኑ አስቀምጡ። ሕያው ፋይቶፕላንክተን (ክሎሮፊል ያላቸው ጥቃቅን የውሃ ዕፅዋት) ከዋጠው ብርሃን ጥቂቱን በቀይ መልሶ ይለቃል፤ ሻይ የመሰለው ውሃ ይህን አያደርግም። ደለሉ በጣም ሲወፍር ግን ፍሎረሰንሱም ይዋሻል፤ ብቻውን አትመኑት። እባካችሁ ደግሞ ክፍተቱን በአጎራባች ፒክስል አትሙሉት። አትሙሉት።

ምልክት፦ ዋልታዎቹ አካባቢ ምርታማነቱ ሦስት እጥፍ ሆነ፣ 20 ዲግሪ ያለው ባህር ደግሞ ወረደ

የሙቀት ፋይላችሁ በኬልቪን ነው። ቤረንፌልድና ፋልኮቭስኪ በ1997 ያወጡት ቪጂፒኤም፣ ማለትም የባህርን ምርታማነት ከክሎሮፊልና ከሙቀት የሚያሰላው ቀመር፣ ሴልሺየስ ነው የሚፈልገው። ከ28.5 ዲግሪ በላይ ሲሆን የፎቶሲንተሲሱን ፍጥነት 4 ላይ ያቆመዋል። 290 ኬልቪን ስትሰጡት ያው ከ28.5 በላይ ነው፤ ዓለም በሙሉ 4 ይሆናል። ዜሮ ዲግሪ ላይ ግን መሆን ያለበት 1.3 ገደማ ነው፤ 20 ዲግሪ ላይ ደግሞ ከ4 በላይ። ኮዱ አያጉረመርምም፣ ካርታውም ያምራል። 273.15 ቀንሱ።

የቀሩት ባጭሩ

አማካዩ ከዜሮ በታች ከወረደ -32767ን እንደ ቁጥር ደምራችሁታል፤ እሱ «ዳታ የለም» ማለት ነው።

አማካዩ ከብዙዎቹ ፒክስሎች በላይ ከሆነ፣ ክሎሮፊል በሎጋሪዝም ነው የሚሰራጨው፤ ጂኦሜትሪክ አማካይ ወይም ሚዲያን ውሰዱ።

የዓመታቱ መስመር ድንገት ከዘለለ ሲዊፍስንና ሞዲስ አኳን፣ ሁለት የተለያዩ የሳተላይት መሣሪያዎችን፣ ዝም ብላችሁ ቀጥላችኋቸዋል። ከ2002 እስከ 2010 አብረው ሠርተዋል፤ በእነዚያ ዓመታት አስተያዩዋቸው።

መርከብ ላይ የተለካው ከሳተላይቱ ከበለጠ፣ ክሎሮፊሉ ጥልቀት ውስጥ ተከማችቶ ይሆናል። ሳተላይት የላይኛውን ንብርብር ብቻ ነው የሚያየው። ይህን ኮድ አያስተካክለውም፤ ከጥልቀቱ የተወሰደ ልኬት ፈልጉ።