ቤታችሁ ለልጆቻችሁ እንዲደርስ፦ ትረስት አሜሪካ አዲስ ለገቡ ቤተሰቦች

አሜሪካ ከገባችሁ ገና ዓመት ካልሞላችሁ የውርስ ነገር የሚያስቸኩል ላይመስላችሁ ይችላል። ቤት የለ፣ መሬት የለ፣ ምን ይወረሳል? ግን ሥራ ስትቀጠሩ ከምትፈርሟቸው ወረቀቶች መካከል የውርስ ወረቀት አለ። የሕይወት ኢንሹራንስና 401ኬ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ቅጽ ላይ «ቤኔፊሻሪ» የሚል ቦታ ታገኛላችሁ። እናንተ ብትሞቱ ገንዘቡን የሚወስደው እዚያ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ነው።

ብዙ ሰው ያን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ወይም ሲመጣ ነጠላ ስለሆነ የወንድሙን ስም ይጽፋል። ከዚያ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ቅጹን ግን ተመልሶ አያየውም። 401ኬ ላይ የፌዴራል ሕጉ የትዳር ጓደኛን ያስቀድማል፤ ባል ወይም ሚስት ፈርመው ካልለቀቁ በቀር ገንዘቡ የእነሱ ነው። የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ግን የሚከተለው ቅጹን ነው። በኋላ የጻፋችሁት ኑዛዜም አይቀይረውም። ወንድም ለልጆቹ ቢያስረክብ እሰየው። ባያስረክብስ? ሚስትየዋ ሐዘን ላይ ሆና ሽማግሌ ልትልክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን አስተካክሉ። ገንዘብ አያስወጣም፣ ጠበቃም አያስፈልገውም።

ቅጹ ላይ የትንንሽ ልጆችን ስም ብቻ መጻፍም አያዋጣም። ኢንሹራንስ ኩባንያ ለስምንት ዓመት ልጅ ቼክ አይጽፍም። ፍርድ ቤት ንብረቱን የሚጠብቅ ሞግዚት መሾም ሊኖርበት ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ያ ሞግዚትነት ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል። የቀረው ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጁ ላይ ይወድቃል። እናትና አባቱን ያጣ የ18 ዓመት ልጅ ያን ሁሉ ብር ይዞ ምን ያደርጋል? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ትረስት፣ ማለትም ንብረትን ለወራሾች በአደራ የሚያስይዝ ሰነድ፣ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ወላጆች በሕይወት እያሉ ቤቱንና የባንክ ሒሳቡን በትረስቱ ስም ያዞራሉ። ባለአደራዎቹ ራሳቸው ናቸው። ቤቱ ውስጥ ይኖራሉ፣ ሲፈልጉ ይሸጡታል፣ ሐሳባቸውን ከቀየሩ ትረስቱን ያፈርሱታል። ሲሞቱ ወይም ታመው መወሰን ሲያቅታቸው፣ አስቀድመው የሰየሙት ተተኪ ባለአደራ ይረከባል። ልጆቹ መቼና ለምን እንደሚሰጣቸውም ይጻፋል። ለምሳሌ ለትምህርትና ለሕክምና በየጊዜው፣ ግማሹ በ25 ዓመታቸው፣ የቀረው በ30። በትረስቱ ስም የሆነው ንብረት ፕሮቤት የሚባለውን የፍርድ ቤት የውርስ ሒደት አይጠብቅም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የገዙ ባልና ሚስትን እንውሰድ። ሜሪላንድ ውስጥ ባልና ሚስት አብረው የገዙት ቤት አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሲሞት በቀጥታ የሌላው ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱም ሲሞቱ፣ ወይም ልጅ የምታሳድገው እናት ብቻዋን ስትሆን ነው። ወንድማማቾች ተባብረው ሲገዙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዲድ በሚባለው የቤቱ የባለቤትነት ሰነድ ላይ አንዱ ሲሞት ድርሻው ለሌላው እንደሚያልፍ በግልጽ ካልተጻፈ፣ የሟቹ ድርሻ ለወንድሙ ሳይሆን ለራሱ ወራሾች ይሄዳል። ክፍያውን ለብቻው ሲከፍል የኖረው ወንድም ከማያውቀው ሰው ጋር የቤት ሸሪክ ሊሆን ይችላል።

አሁን ትልቁ ስህተት ጋ ደረስን። ሰው ጠበቃ ቀጥሮ ብዙ ብር ከፍሎ ወፍራም ፋይል ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ዲዱ ግን አሁንም በራሱ ስም ነው። ያ ትረስት ባዶ ነው፤ ቤቱን አይጠብቀውም። አዲስ ዲድ ተዘጋጅቶ፣ ባለቤቱ «እገሌ፣ የእገሌ ትረስት ባለአደራ» ተብሎ ካውንቲው መዝገብ ላይ መግባት አለበት። ጠበቃችሁን «ዲዱን የሚያስመዘግበው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የተመዘገበውን ቅጂም ሳትቀበሉ አትለያዩ። ሞርጌጅ ስላለብኝ ባንኩ ይቆጣል ብላችሁ አትፍሩ። የምትኖሩበትን ቤት ሊሻር ወደሚችል፣ ማለትም ስትፈልጉ ልታፈርሱት ወደምትችሉት የራሳችሁ ትረስት በማዞራችሁ ብቻ ባንክ ብድሩን በአንዴ ክፈሉ እንዳይል እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። የቤት ኢንሹራንሳችሁን ግን አሳውቁ።

ስማችሁንም አስተካክሉ። እኛ ጋ የልጅ መጠሪያ የአባት ስም ነው፣ ሚስትም የባሏን ስም አትይዝም። ፀሐይ የሚለው ስም ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ ዲዱ ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። ትረስቱ ላይ ሁለቱም አጻጻፍ እንዲጠቀስ አድርጉ። የትዳርና የልደት ሰርተፊኬቶችን ከነትርጉማቸው አብራችሁ አስቀምጡ።

ትረስት የማይሠራውንም እወቁ። ሊሻር የሚችል ትረስት ንብረትን ከአበዳሪ አይሸሽግም፤ ንብረቱ አሁንም የእናንተ ነውና ሊደርስበት ይችላል። ግብርም በራሱ አይቀንስም። የፌዴራሉ የውርስ ግብር እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ላይ ስለሆነ አብዛኞቻችንን አይነካንም። ሜሪላንድ ከወራሹ ድርሻ ላይ የምትቆርጠው ግብር ግን ሊነካን ይችላል። ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለእህትና ለወንድም ነፃ ነው። ለእህት ልጅ ወይም እንደ ወንድም አብሮ ላደገ የአክስት ልጅ ግን 10 በመቶ ይቆረጣል፣ በትረስት ቢያልፍም።

ልጆቹን ማን ያሳድግ የሚለው ትረስት ውስጥ ሳይሆን ኑዛዜ ውስጥ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አያት አዲስ አበባ ከሆኑ፣ እስኪመጡ ድረስ ልጆቹን የሚይዝ እዚሁ ያለ ሰውም ጨምሩ። አሜሪካ ውስጥ ኖተሪ ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው እንጂ ጠበቃ አይደለም፤ ታክስ የሚሠራላችሁ ሰውም እንደዚያው። ትረስት አያጽፏችሁ።

አገር ቤት ቤት ያላችሁ ደግሞ እሱን በአሜሪካ ትረስት እንዳስገባችሁት አትቁጠሩ። የኢትዮጵያ ቤት በኢትዮጵያ ሕግና ፍርድ ቤት ነው የሚተላለፈው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የተዘጋጀ የራሱ ኑዛዜ ይኑረው። እዚህ ጠበቃ ዘንድ ስትሄዱም ያንን ኑዛዜ ጥቀሱ። የአሜሪካ ኑዛዜ ብዙ ጊዜ «ከዚህ በፊት ያደረግኳቸውን ኑዛዜዎች በሙሉ ሽሬያለሁ» በሚል ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። «ኢትዮጵያ ካለው ንብረቴ ኑዛዜ በስተቀር» የሚል ካልታከለበት፣ አዲስ አበባ ያለውን ኑዛዜ ሳታስቡት ልትሰርዙት ትችላላችሁ።