ሙቀት ላስከተለው ራስ ምታት የሁመር መጠጥ አዘገጃጀት

በድሬዳዋ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው የሐሩር ወቅት፣ በቀትር ከከዚራ ሰፈር ተነሥቶ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ቀፊራ ገበያ ደርሶ የተመለሰ ሰው ራሱን ሲያመው መጀመሪያ የሚፈልገው የማስታገሻ ክኒን ነው። ሕመሙ የመጣው ግን ብዙ ፈሳሽ በላብ በመውጣቱ ከሆነ፣ ከክኒኑ በፊት የጎደለውን መተካት ይገባል። ላብ ውሃን ብቻ ሳይሆን ጨውንም ይዞ ስለሚወጣ፣ የሚጠጣው ውሃ ጥቂት ጨውና ጥቂት ስኳር ቢኖረው ይመረጣል፤ ሁለቱ በትንሹ አንጀት አብረው ሲመጠጡ ውሃውን አስከትለው ወደ ደም ያስገቡታልና።

ለዚህ የምመርጠው ሁመርን፣ በእንግሊዝኛ ታማሪንድ የሚባለውን ጎምዛዛ የዛፍ ፍሬ ነው፤ ሮቃ ብለው የሚጠሩትም አሉ። ጎምዛዛነቱ ጥም ይቆርጣል፣ ፖታሲየምም አለው።

ለአንድ ሊትር መጠጥ የዶሮ እንቁላል የሚያክል፣ ማለትም 50 ግራም ያህል ሁመር ይበቃል። ሁመሩን ለቅለቅ አድርገው በጎድጓዳ ሳሕን ካስቀመጡ በኋላ፣ ፈልቶ ለብ ያለ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ያፍስሱበትና ለግማሽ ሰዓት ይተዉት። ከዚያም በንጹሕ እጅ እያሹ ሥጋውን ከፍሬው ያላቁትና በወንፊት ያጥልሉት። በተጠለለው ላይ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምረው አንድ ሊትር ሲሞላ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው ጨምረው እስኪሟሟ ያማስሉ። ሁመር ከጠፋ የሁለት ሎሚ ጭማቂ ይተካዋል፤ ጣዕሙ ግን አይደርስበትም።

ማንኪያው ሳይቆለል ለጥ ብሎ መሰፈር አለበት። ስኳሩ ትንሽ ቢበዛ መጠጡ ይጣፍጣል እንጂ ብዙ አይጎዳም፤ ጨው ሲበዛ ግን ጥሙን ያብሳል፣ ለሕፃናትም አደገኛ ነው። ስለዚህ ሲቀምሱት ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ደፍተው እንደገና ያዘጋጁ።

ሁመር አሲድ ስላለው መጠጡን በአሉሚኒየም ወይም በመዳብ ዕቃ ማቆየት አይገባም፤ ብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ውሃው ከጨርቁ ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳልና። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ግን ይደፋ።

አንዱን ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ከመጨለጥ ይልቅ በሩብ ሰዓት ውስጥ እየተጎነጩ መጨረስ፣ ከዚያም በጥላ ሥር ዐርፎ ሌላ መድገም ይገባል። በጣም የበረደ መጠጥ በችኮላ ሲጠጣ ራሱ ግንባርን ይወጋል። ከጥማት የመጣ ራስ ምታት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይለቃል። ሽንት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሲሆን ፈሳሹ መተካቱን ያመለክታል። በረመዳን ለሚጾም ሰውም በአፍጥር ሰዓት ይስማማዋል። ከቀትር በኋላ ጫት ለመቃም በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው አፉ ሲደርቅ ለስላሳ መደጋገም ይቀናዋል፤ ለስላሳ ግን ስኳሩ የበዛ፣ ጨው ግን የለውም ማለት የሚቻል መጠጥ ነው። የዘወትር ቡናውን ያስቀረ ሰው የሚሰማው ራስ ምታት ደግሞ ሌላ ነው፤ ሁመር አይነካውም።

ሁመር ሆድ ስለሚያላላ ተቅማጥ ያለበት ሰው ሊጠጣው አይገባም፤ ለእርሱ ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት (ኦአርኤስ) ነው የሚሻለው። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰውም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ራስ ምታቱ ትኩሳት ካለው ነገሩን ለሙቀት ብቻ መስጠት ስሕተት ነው። በድሬዳዋ ወባ አለ፤ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር፤ ሁለቱም በትንኝ የሚተላለፉ ትኩሳት ያላቸው በሽታዎች ናቸው። ደንጊ የደም መፍሰስን ሊያስከትል ስለሚችል፣ ምርመራ ሳይደረግ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ አይገባም። አንገት ከገተረ፣ ትውከቱ ካላቆመ፣ ወይም በፀሐይ የቆየ ሰው ሰውነቱ ግሎ መዘባረቅ ከጀመረ፣ መጠጥ እስኪዘጋጅ ሳይጠብቁ ሰውነቱን በውሃ እያቀዘቀዙ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።